እንደተጎለቱ የቀሩ

የባሕር በር ስንለምን ኖረን፣ ባሕሩ ራሱ ደጃችን ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አፋርን ውጦ አሁን ተራራውን እየወጣ ነው። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር እትዬ ሙሚና ሦስቱን ጉልቻቸውን በአህያ ጭነው ሽቅብ ይሸሻሉ፤ በእኛ መንደር ጉልቻውን ትቶ የሚሄድ ሰው የለም። ይህ ስድስተኛ ስደታቸው ነው። ጉልበታቸው አልቋል፤ እዚሁ አርፈው መሞት ይፈልጋሉ።

«እዚህ አይደርስም» አለ የቀበሌው ደርቤ ካርታውን ዘርግቶ። «ማኅተም ተመትቶበታል።»

«ባሕሩ ማኅተም ያነባል?» አሉ እትዬ ሙሚና።

ምድጃቸውን ሊተክሉ መሬቱን ቆፈሩ። መጀመሪያ የባሕር ዛጎል ወጣ፤ አንድ ክንድ የሚወፍር የዛጎል ንጣፍ። ከሥሩ ጥላሸት የለበሱ ሦስት ድንጋዮች እንደተጎለቱ ቁጭ ብለዋል። እትዬ ሙሚና ድስታቸውን ቢያስቀምጡበት ልክክ አለ።

«እሰይ እትዬ! የጥንት ሰዎችን ጉልቻ በነጻ አገኙ» ብሎ ሳቀ ደርቤ።

«አንተ ደርቤ፣ እነሱስ ለምን ይዘውት አልሄዱም?»

ደርቤ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ዛጎሉን አየ፤ ከዚያ ታች ያለውን ውሃ አየ።

እትዬ ሙሚና የራሳቸውን ድንጋዮች መልሰው አህያዋ ላይ መጫን ጀመሩ። ደርቤ ካርታውን አጣጠፈ።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አህያዋ የእኔንም ጉልቻ ትችል ይሆን?»