ከገበሩ ሥር

ምላጩን ከገበሩ ጠርዝ ሥር አስገባሁና ስፌቱን አንድ በአንድ መተርተር ጀመርኩ። የኮቱ ባለቤት ታክሲ ነጂው በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሆዱን መታ መታ አደረገ።

"ኮቱ አልጠበበም፤ እኔ ነኝ የወፈርኩት" አለ። "ሥራ የተቀጠርኩ ጊዜ ነው ጋሼ የሰፉልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ! ልጄ ልትመረቅ ነው፤ ሌላ ልበስ ብትለኝ እምቢ አልኳት። እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ ከየት ይመጣል?"

ጋሼ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ካስቀመጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሱቁን ለእኔ ቢተዉም በየጠዋቱ እየመጡ እዚያው ይቀመጣሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይነዘንዛሉ። የመቀሱን ድምፅ ብቻ ሰምተው "ጠመመብሽ" የሚሉ ሰው ናቸው።

አስተማሩኝ ማለት ያንሳል፤ ፍዳዬን ነው ያሳዩኝ። በኮት ውጭኛው ጨርቅና በገበሩ መካከል ደረቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጠጠር ያለ ጨርቅ ይገባል። ይህን ጨርቅ ከውጭ በማይታይ አጫጭር የእጅ ስፌት መያዝ ሁለት ቀን ይፈጃል። አቋራጩ ባለሙጫው ጨርቅ ነው፤ ካውያ ይጫኑበታል፣ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ጋሼ ሙጫ የሚለው ቃል በሱቃቸው እንዲነሳ እንኳ አይፈልጉም ነበር። "ሰው የማያየውን ቦታ የማይወድ ሥራውን አይወድም። ሆዱን ነው የሚወደው" ይሉኝ ነበር።

የእህቴ ሠርግ ዕለት አንድ ደረት ለአሥራ አንደኛ ጊዜ አስፈቱኝ። "ይሄ ሳያምር ከዚህ በር አትወጪም" አሉ። አልወጣሁም። እህቴ እስከ ዛሬ የሠርጓን ፎቶ ለልጆቿ ስታሳይ "አክስታችሁ እዚህ ጋ ነበር የምትቆመው" ትላቸዋለች። ያማል፤ ቢሆንም ቆጭቶኝ አያውቅም። ለእንዲህ ያለ ሰውና ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው የቀረሁት እያልኩ ኮርቼ ኖሬያለሁ።

ገበሩ ተገለጠ። እጄ ቆመ።

ስፌት የለም። ጨርቅ ከጨርቅ ጋር ተለጥፏል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ሙጫው ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ላዩ እንደዚያ ያማረ ኮት ውስጡን ለቄስ ነው።

የሌላ ሰው ሥራ መሆን አለበት አልኩ። ከውስጥ ኪሱ ጀርባ ፈለግሁ። ጋሼ ከእጃቸው በወጣ ልብስ ሁሉ ላይ፣ እዚያች ቦታ፣ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደልና ቀኑን በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ልማድ ሆኖባቸው ሙጫውም ላይ ጽፈዋል። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እህቴ ባገባች በሁለተኛው ቀን ነው።

ውጭ መኪና ደጋግሞ ጥሩምባ ነፋ። ነጂው "ወይ ጉድ፣ መንገድ ዘግቻለሁ" ብሎ እየሮጠ ወጣ።

ኮቱን ይዤ ሄድኩና ጋሼ ጉልበት ላይ ዘረጋሁት። እጃቸውን ይዤ ደረቱ ላይ አሳረፍኩት።

"እስቲ ይዳሱት።"

ጣቶቻቸው አንዴ ሄደው ቆሙ። የእኔ አይደለም ቢሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ አምናቸው ነበር።

"የየትኛው ዓመት ነው?" አሉ።

በሙጫ የለጠፉት ስንት ኮት ቢኖር ነው እንዲህ ብለው የጠየቁት?

"እኔ የመጣሁበት ዓመት።"

"አንቺ ስትመጪማ እኔ ጨርሻለሁ፣ ልጄ። አንድ ቀን ጠዋት መርፌውን ሳነሳው ምንም አልተሰማኝም። ነገ ይመለስልኛል አልኩ፤ አልተመለሰልኝም።"

"ታዲያ እኔን ለምን አስፈቱኝ? አሥራ አንድ ጊዜ፣ ጋሼ! በእህቴ ሠርግ!"

"አንቺ ትወጂው ነበራ።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሙጫ ባሳይሽ አንቺም ትለምጂው ነበር። አሁን እይው እጅሽን። እኔ በደህናው ዘመኔም አንቺን አላህልም።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህችን ቃል ጠብቄያለሁ። ትልቁ ምስጋናቸው "ምንም አይል" ነበር፤ በሱም ሳምንት ሙሉ ደስ ሲለኝ ይሰነብታል። ዛሬ መጣችልኝ፤ ማስቀመጫ ግን አጣሁላት። ራሳቸው የተዉትን ሥራ እኔ ላይ ጭነው፣ ለካ ማታ እኔ ስወጣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ካውያ ሲያግሉ ነበር።

ነጂው ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። "እንዴት ነው ውስጡ? የድሮ ሥራ አይደል!"

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ኮቱን ከጉልበታቸው አንስቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ።

"እጅዎን ይባርከው፣ ጋሼ" አለ ነጂው።

"አሜን" አሉ።

ጎንና ጎኑን ለቅቄ በስፌት መኪና መልሼ ሰፋሁና ገበሩን ለመዝጋት መርፌ ያዝኩ። ማን ያየዋል? ሦስት ረጃጅም ስፌት ወጋሁበት፣ የጆንያ አፍ እንደሚሰፋ። አራተኛውን ልወጋ ስል እጄ እምቢ አለኝ። አስገደድኩት። እምቢ አለኝ።

ምላጩን አንስቼ ሦስቱንም ፈታኋቸው። ማንም ፍቺ አላለኝም። አዲስ ክር ቆረጥኩ፤ የመርፌው ቀዳዳ ግን በእንባዬ አልታይ አለኝ።