የገመዶቹ ፊደል

ጠዓመ የመጨረሻውን ብሎን ፈትቶ ሃቡን ከግድግዳው ሲያወርደው አረንጓዴ መብራቶቹ ጠፍተው ነበር። በጀርመን፣ በቦከንሃይሙ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ሰባት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሮቹን ያገናኘ ሳጥን ነው። ያኔ ጠዓመ ሲሰቅለው የጀርመንኛው የክፍል ስም ስላስቸገረው፣ በየገመዱ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ወረቀት ለጥፎ ነበር። አሁን ጡረታ ሊወጣ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ከእሱ ሌላ የሚያነባቸው ስለሌለ ወረቀቶቹን መላጥ ጀመረ።

«ተዋቸው» አለ አዲሱን መሣሪያ ሰቅሎ የጨረሰው ባልደረባው ዲርክ። «ላይብረሪው ሐ ላይ አይደል? ያለ እነሱ በምን አገኘዋለሁ?»

ጠዓመ ቀና አለ። ዲርክ በአዲሱ መሣሪያ ቀዳዳዎች ሥር ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጽፏቸዋል። ሐ ተገልብጣለች። ጠዓመ ሊያርማት እስክሪብቶ አወጣ፤ ጥቂት ተመለከታትና መልሶ ኪሱ ከተተው።