የራስ ቁሩ ላይ የነበሩት ቀለሞች

«ማን እጠቢው አለሽ?» አለ ቨርኔል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሲጫወት ያደርገው የነበረውን የራስ ቁር ታቅፎ።

«ለትምህርት ቤቱ የዋንጫ ማሳያ መስታወት ሳጥን እኮ ነው! እንደዚያ ተጨማልቆ ይሂድልህ?» አለች ሚስቱ አርዲስ። ሊወስደው የመጣው የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ኩሽናው በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ጭምልቅልቅ አይደለም፣ ሴትዮ! ዕድሜዬ ነው!» እያንዳንዱ ጭረት፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጋጣሚን በራሱ ተላትሞ ሲጥል ከዚያ ሰው የራስ ቁር የተጋባ ቀለም ነበር። ተከላካዮች ያን ቀለም አያስነኩም፤ የቡድኑ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ጨርቅ ይዞ ሲጠጋ በጩኸት ያባርሩት ነበር። ቨርኔል የጸዳውን ነጭ በጣቱ ዳሰሰ። «እዚህ ጋ ሰማያዊ ነበር። ያ የቴክሳሱ ጎረምሳ! ኳሱ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ! እዚህ ደግሞ ቢጫ፣ በረዶ የጣለ ቀን። ሕዝቡ ሲጮኽ ትዝ ይልሻል?» የሚያመውን ጉልበቱን ረስቶ ብድግ አለ።

አርዲስ እርጥቡን ጨርቅ አስቀመጠች። «ቢጫው ትዝ ይለኛል። ሰው ሁሉ ስምህን ሲጠራ እኔ ተላትመህ ከወደቅክበት መነሳትህን እጠብቅ ነበር። ማታ መኪና ውስጥ ዞር ብለህ ‹እመቤት፣ ማን ልበልዎት?› አልከኝ።»

ቨርኔል ይህን ሰምቶ አያውቅም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ምን አልሽኝ ታዲያ?»

«ስሜን ነገርኩህ። ‹እንዴት ያለ ቆንጆ ስም ነው› አልክ። እስከ ቤት ድረስ እያለቀስኩ ነዳሁ።»

የራስ ቁሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጇን ያዘ። አሰልጣኙ ባዶ እጁን ወጥቶ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ዘጋ።