የፋት ኪን ጀልባ ያስወሰደች

አሳም የጎረቤቷን የፋት ኪን ጀልባ በእንግሊዞች ላይ ላደመው የሠራተኞች ማኅበር ጠቁማ አስወሰደችበት። በካንቶን ወንዝ ላይ የሚኖር ሁሉ በዚህ ተስማምቷል። በጀልባ ማሰሪያ ቦታ ተጣልተው ነበር፤ አማቿም የማኅበሩን ቀይ ጨርቅ ክንዱ ላይ ያስራል። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ጀልባዋ ለፋት ኪና ለሚስቱ ሥራቸውም ቤታቸውም ነበረች። ፋት ኪ ለእንግሊዝ የጦር መርከብ ድንጋይ ከሰል ሊያደርስ እሺ ብሎ ነበር። ይህ በማኅበሩ ዘንድ ክልክል ነው። በማግስቱ ሊጭን ሲል ባለ ቀይ ጨርቆቹ ጎህ ሲቀድ መጡና ጀልባዋን ጎትተው ሄዱ። ከሰሉን በእሱ ፈንታ ሁለት ወንድማማቾች ወሰዱ። ሬሳቸው በአድመኞች ዱላ ተቀጥቅጦ ከወደቡ በታች ተገኘ።

«ሥራው እኮ የኔ ነበር!» እያለ ፋት ኪ ይቆጫል።

ሚስቱ ሱዊ ላን ከዚያ ወዲህ ደጅ ስትጠና ከረመች።

«ጉምሩክ ቁጥር የሰጣትን ጀልባ ማኅበር ሊይዝ አይችልም» አላት እንግሊዞች የሚመሩት ጉምሩክ ጸሐፊ። «የጦር መርከቡ መድፉን ደግኖ የቆመው ለምን ይመስልሻል?»

«እንግዲያው ያስመልሱልኛ፣ ጌታዬ።»

«እኔ? እኔማ የአድመኞቹን ዱላ ፈርቼ በጓሮ ነው የምገባው።»

የማኅበሩ ሰው ደግሞ ሻይ ቀዳላት። «አሁን ብንለቃት ጉምሩክ አሸነፈ ይባላል። አድማው ሲያልቅ ነይ፣ እህቴ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ስናሸንፍ።»

ጉምሩክና ማኅበሩ ስለ መብታቸው ሲነታረኩ የእሷ እግር አበጠ። ማታ ማታ ከባሏ ጋር በተጠጉባት የወንድሟ ጀልባ ላይ፣ ከልጆቹ እግር ሥር ተጣጥፋ ትተኛለች። ፋት ኪ አሳምን ሲራገም ትሰማለች።

ከአሳም ጀልባ እሳት የሚጭር ጠፋ። ዓሣዋንም የሚገዛት የለም። አንድ ጠዋት ሱዊ ላንን እጇን ያዘቻት።

«አንቺም ታምኛለሽ?»

ሱዊ ላን ዐይኗን ሰበረች፤ እጇን አስለቅቃ አለፈች።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ፋት ኪ መጥረቢያ ይዞ ብድግ አለ።

«የአሳምን ጀልባ ገመድ ቆርጬ ውሃ ላስወስዳት! እሷም ቤት አልባ መሆንን ትቅመሰው!»

«አበጀህ!» አለ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሊያይ ከየጀልባው አንገቱን እያሰገገ።

ሱዊ ላን ድስቱን ከእሳት አወረደች። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

«መጥረቢያውን አስቀምጥ» አለችው። «የጠቆምኩብህ እኔ ነኝ። ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ና ብላ።»