የረመዳን ምሳ

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። የባሕር ዳር ክርስቲያን ከሥጋና ከወተት፣ ሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ ከእህል ውሃ ተለይቶ ሰነበተ። ሙሔ ግን በጠራራ ፀሐይ ከሐይቁ ዳር፣ ከተገለበጠ ጀልባ ጀርባ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላ ነበር።

ሙሔ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። በገበያው ቃሉ የታመነ ነው፤ በቤቱም ፀሐይ ስትጠልቅ ለቤተሰቡ ተምር የሚያድለው እሱ ነው። ጾም ከጀመረበት ዕድሜ አንስቶ ረመዳንን ገድፎ አያውቅም። ይህንንም ሳይጠየቅ መናገር ይወዳል።

ነገሩ የመጣው በጾሙ መግቢያ ሰሞን ነው። የልጁ የአኒስ ሚስት ሰሚሐ ሕፃን ታጠባለች። ነርሷ «ወተትሽ እንዳይቀንስ ብዪ፣ ጠጪ፤ ያለፈሽን ቀን በኋላ ትጾሚዋለሽ» ስላለቻት በቀን ትበላለች። ሙሔ ይህን ያውቃል። እያወቀ፣ ቤቱ በአፍጥር እንግዳ በተሞላበት ምሽት፣ «በእኛ ጊዜ እናቶቻችን እያጠቡም ይጾሙ ነበር። የዛሬ ሰው ሆዱ አምላኩ ሆነ» አለ። እንግዶቹ አቀርቅረው ሾርባቸውን ጠጡ። ሰሚሐ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ብዙም ሳይቆይ ሙሔ ከሱቁ ደጃፍ ራሱን አዙሮት ወደቀ። ሐኪሙ መርምሮ ስኳር ነው አለው።

«ይህን ክኒን እየዋጡ መጾም የለም። በሰዓቱ፣ ጥቂት ጥቂት ይብሉ። ጣፋጭና ቅባት ይተዉ። ሃይማኖትዎም ለታመመ ሰው ፈቅዷል።»

መፍቀዱ ጠፍቶት አይደለም። ግን በየትኛው አፉ ለቤቱ ይንገር? ሰሚሐ ላይ የወረወረው ቃል ገና ከጆሮው አልወጣም። አፈረ። ክኒኑን በኮቱ የውስጥ ኪስ ሸሸገና ለአብሮ አደጉ ለአለበል ብቻ ነገረው። አለበል ሰው ወደ ገዳማቱ የሚያሻግርበት ጀልባ አለው።

«ታዲያ መታመም ምኑ ያሳፍራል?» አለው አለበል።

«ለአንተ ቀላል ነው። እኔ የተናገርሁትን አልተናገርህም።»

«እንግዲያው ነገ በቀትር ብቅ በል። ምሳው ከእኔ ቤት ይመጣል።»

መጣም። ገብስ የተቀላቀለበት ስስ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንዳንድ ቀን በኩባያ እርጎ። ልክ ሐኪሙ እንዳለው ነው። የአለበል ሚስት ወለተ ሩፋኤል መቼም ባለሙያ ናት፣ አለ ሙሔ በልቡ። አለበል ሳህኑን ገልጦ ሲሰጠው ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል። ሙሔ እንዳያፍር ብሎ መሰለውና አመሰገነው።

ቢሆንም ምግቡ እንደ እሾህ ነበር የሚወርደው። በታንኳ የሚያልፈው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ የሚያየው ይመስለዋል። አንዱ ከሩቅ እጁን አንሥቶ ሰላም ሲለው፣ ሙሔ ጉርሻውን ደብቆ በባዶ እጁ መለሰለት። በዚህ ዕድሜው እንደ ሌባ መደበቁ አንገበገበው።

አንድ ቀን ሰሚሐን አያት። ሕፃኑን አዝላ፣ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ ከእነአለበል ሰፈር በኩል ትመጣለች። ገበያው ያለው በሌላ በኩል ነው። ሙሔ ከነጉርሻው ተንደርድሮ ከጀልባው ሥር ተጋደመ። ቆም ብላ ወደ ጀልባዎቹ አየችና መንገዷን ቀጠለች።

እየተከታተለችኝ ነው አለ፣ አሸዋውን ከጢሙ እያራገፈ። በሰው ፊት የተዋረደች ምራት እንዲህ ያለ ነገር እጇ ከገባ ትለቃለች? እሱ ቢሆን አይለቅም ነበር።

ማታ በማዕድ ጥርጣሬው ጸና። ሰሚሐ ለሁሉም ጣፋጭ ጭማቂ ስትቀዳ ለእሱ ውሃ አቀረበችለት። ሳምቡሳውንም ከፊቱ አንሥታ ወደ አኒስ አስጠጋችው።

«ለእርስዎ ምስር ሾርባው ይሻልዎታል፣ አባባ» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

ጭማቂው ለጾመ ሰው ነው ማለቷ ነው! ላብ አጠመቀው።

«ምነው አባባ፣ አመመህ እንዴ?» አለ አኒስ።

«ጾሙ ነው» አለ ሙሔ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ማንንም ማየት አልቻለም።

በረመዳን መጨረሻ ቤቱ ደግሞ በእንግዳ ሞላ። አንዱ ሽማግሌ «ወጣቱ ከሙሔ ይማር! ይኸው በዚህ ዕድሜው አንድ ቀን ሳይገድፍ ጨረሰ» ሲል፣ ሰሚሐ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። አፏን ከፈተች። ሙሔ ስሙም ክብሩም እዚያው ሲያበቃለት ታየው።

«አባባ፣ ሾርባው ቀዝቅዞ ይሆናል፤ ላሙቅልዎ?» አለች።

ልትጫወትብኝ ነው ያቆየችኝ ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

በዒድ ማግስት ከሱቁ ጥሩ ነጠላ መርጦ ወደ አለበል ቤት ሄደ። የገዛ ቤቱ ሰው ሲሰልለው ነፍሱን ያቆየችለትን ሴት ሳያመሰግን መቅረት ነውር ነው። ወለተ ሩፋኤል በር ላይ ተቀበለችው።

«እጅሽ ይባረክ» አላት ነጠላውን እየዘረጋላት። «እኔ ከቤቴ ያላገኘሁትን ከአንቺ አገኘሁ።»

ሴትዮዋ እጇን ሰበሰበች። ወደ ባሏ ዞር ብላ አየች፤ አለበል አቀረቀረ።

«ይኼስ ለእኔ አይገባም፣ ጋሽ ሙሔ። እኔ አንድም ቀን አልሠራሁልዎትም። ለአለበል በነገሩት ዕለት ማታ ኮትዎን ስታራግፍ ክኒኑን አግኝታ ሰሚሐ መጣች፤ በየቀኑ ሠርታ የምታመጣው እሷ ናት፣ ‹አባባ እንዳያፍሩ› ብላ በልጇ አስምላን።»