እንቅልፋሙ የጭቃ ሰውዬ

የሥዕል መምህርቷ ዝምተኛዋን ልጅ በደለቻት። ሆን ብላ አይደለም፤ በክርኗ ነው። ውሸቱን ግን በክርኗ አልዋሸችም።

ነገሩ የተጀመረው ዓርብ ጠዋት ነው። የትምህርት ቤቱ ቀለም ካለቀ ሰንብቷል፤ ወረቀትም በልመና ነው። መምህርቷ ከግቢው ጀርባ ጭቃ በባልዲ አምጥታ ለልጆቹ አከፋፈለች።

«ቤታችሁ ውስጥ የሚተኛ ነገር ሥሩልኝ» አለች። «አልጋ እንዳትሠሩ። አልጋ አይተኛም፤ ይተኙበታል እንጂ።»

ልጆቹ ሳቁ። ከሁሉ አስበልጣ የሳቀችው ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ የወጣላት ስም ነው፤ ከጠዋት ደወል እስከ መውጫ አትዘጋም። አባቷ የሌሊት ዘበኛ ነው። በየማለዳው ከሥራ መልስ እስከ በሩ ያደርሳትና እያዛጋ ይሄዳል። አጠገቧ የምትቀመጠው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ደግሞ ዝምተኛዋ ናት። ሹራቧ ላይ ፀጉር፣ እጇ ላይ ጭረት አይጠፋም፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምትለው ለጠረጴዛው ነው።

እያንዳንዱ ልጅ ስሙን በጻፈበት ካርቶን ላይ ሥራውን አስቀምጦ መስኮቱ ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ አኖረ። ስልሳ ልጅ ጭቃ ሲያቦካ ማን ምን እንደሠራ አየሁ የምትል መምህርት ካለች ውሸቷን ነው። ይህችኛዋ ባልዲ ስታመላልስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ጭቃውን መታው። ክፍሉን የመጥረግ ተራ የዝምተኛዋ ስለነበር መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት።

ሰኞ ማለዳ መምህርቷ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ዳቦ የሚመስሉ ሕፃናት፣ ጫማ የሚመስሉ ውሾች ተደርድረዋል። ከመሃላቸው ግን አንድ ሰውዬ አለ። ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጥሎታል። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፣ አፉ ገርበብ ብሏል፣ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው። ማንኮራፋቱ ብቻ ነው የቀረው። ካርቶኑን አነበበች። የዝምተኛዋ ነው።

«ይቺ ልጅ ለካ በእጇ ነው የምታወራው!» አለች ብቻዋን። ሰው ጠርታ ልታሳይ ዞር ስትል ክርኗ ነካው።

ስብርባሪውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ልጆቹ ሲገቡ ዝምተኛዋን ጠርታ «ያንቺን ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን መርጬዋለሁ፤ ቢሮ አስቀምጬልሻለሁ» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ቶሎ አቀረቀረች።  «አውቃብኛለች» አለች መምህርቷ በልቧ።

ያን ጠዋት ትዕግሥት የሚባል ነገር አልነበራትም። ሬዲዮ ወገቧ ላይ የተሰነጠቀች የጭቃ ድመት ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ቲቸር፣ ይቺ የኔ አይደለችም!»

«ካርቶኑ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«የኔ ነው፣ ግን እኔ…»

«ሲያምር የኔ፣ ሲሰነጠቅ የሰው! ስታወሪ ነዋ ጭቃውን ሳታሺው የቀረሽው። አጠገብሽ ካለችው ልጅ ተማሪ! ሂጂ ተቀመጪ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሬዲዮ ሄዳ ተቀመጠች።

ሳምንቱን ሙሉ መምህርቷ ከሥራ መልስ ስብርባሪውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ እያየች ሰውዬውን በአዲስ ጭቃ መልሳ ስትሠራ ሰነበተች። ባሏ እራቱን ከጭቃው ጋር ተጋፍቶ በላ።

«ማነው ደግሞ ይሄ? እኔ ነኝ?»

«አንተ ስትተኛ እንዲህ አታምርም።»

«ኮፍያውን ምነው ጉልበቱ ላይ አደረግሽው?»

«እኔ ምን አውቄ! እንደዛ ነበር፣ እንደዛው ይሁን።»

«ለምን ለልጅቷ ነግረሻት አይወጣልሽም?»

«ምን ብዬ? በዕድሜሽ አንድ ነገር ቢያምርልሽ እሱንም ሰበርኩብሽ ልበላት?»

ልትክሳት ፈለገች። ዝምተኛዋን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ በየክፍለ ጊዜው በሰው ፊት አሞገሰቻት። ሙገሳው በበዛ ቁጥር ልጅቷ እየኮሰመነች ሄደች። ሬዲዮም ጸጥ አለች። «ተመስገን፣ ባትሪዋ አለቀ» አለች መምህርቷ ለባልደረቦቿ፤ እነሱም ሳቁ።

የኤግዚቢሽኑ ቀን እንቅልፋሙ ሰውዬ አዳራሹ መሃል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። ርዕሰ መምህሩ ለዝምተኛዋ ትልቅ የቀለም ሳጥን ሸለማት። እናቷ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ «የኔ ልጅ እኮ ናት!» እያለች ለማያውቃት ሁሉ ተናገረች። ልጅቷ ሳጥኑን እንደሚፋጅ ድስት በጣቶቿ ጫፍ ያዘችው።

ሬዲዮ ጥግ ላይ፣ የተሰነጠቀችውን ድመት በቀሚሷ ጋርዳ ቆማለች። አባቷ ከነዩኒፎርሙ መጣ።

«የታለ ያንቺ፣ የኔ እመቤት?»

«የኔ ገና አልደረቀም፣ አባዬ።»

«አይዞሽ፣ ይደርቃል» ብሎ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና ትንሽ ሳይቆይ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ።

ዝምተኛዋ ወደዚያ ጥግ ስታይ ቆይታ ድንገት ማልቀስ ጀመረች።

 መምህርቷ «የራሷ እጅ ሥራ እንዳልሆነ ለየችው፣ አለቀልኝ» አለች በልቧ። እጇን ይዛ የዕቃ ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋች። መሬቱ ላይ ተንበረከከች።

«የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ። ያንቺን የሰበርኩት እኔ ነኝ። እዚያ ያለው እኔ የሠራሁት ነው። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ስዋሽሽ ከረምኩ።»

ዝምተኛዋ የቀለም ሳጥኑን መምህርቷ እጅ ላይ አኖረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«ቲቸር፣ የኔ እኮ የተሰነጠቀችው ድመት ናት።»