ስምንተኛው ጥያቄ

የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ የመምህራን ክፍሉን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ ማንጠልጠል ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በነዚህ ዓመታት አንዲት እርሳስ ጠፋች ተብሎ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ግን ባልዲዋን ከእጇ ሳታስቀምጥ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራች።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ቀድማት ገብታ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። የእንግሊዝኛ መምህሩ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሐሙስ ዕለት የእንግሊዝኛ ፈተና ተሰጥቷል፤ ስለ አድራጊና ተደራጊ ግስ፣ አሥር ጥያቄ። ጥያቄዎቹ ልጆቹ ቀደም ሲል በየደብተራቸው ከሠሩት መልመጃ የወጡ ናቸው። የጽዳቷ ልጅ አሥር ከአሥር አገኘች። እሱ ማንንም አልገረመም፤ ጎበዝ መሆኗን ግቢው በሙሉ ያውቃል። ያስጠራት ስምንተኛው ጥያቄ ነው። ከአርባ ሁለት ተማሪ አርባ አንዱ አንድ ዓይነት መልስ ሲጽፍ እሷ ብቻ ሌላ ጻፈች። ያ መልስ ደግሞ መምህሩ በእጁ ጽፎ ከሚያርምበት የመልስ ወረቀት ጋር ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኘ።

«እንዲህ ያለ መልስ ሁለት ሰው በአጋጣሚ አይጽፈውም» አለ መምህሩ። «ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ማን ነው? እኔን ማታለል አይቻልም። እናቴ ሠላሳ ዓመት ችሎት ላይ የተቀመጠች ዳኛ ናት፤ ሌባን በአረማመዱ እንድለይ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ።»

«ወረቀትዎን አላየሁም» አለች ጽዳቷ።

«ረቡዕ ጠረጴዛዬን ነክተሻል አልነካሽም?»

«ነክቻለሁ። ሳልነካው በምኞት ይጸዳል? ላዩ ላይ ተከፍቶ የነበረውን ሰማያዊ ደብተር አንስቼ ወለወልኩ፣ ቦታው መለስኩት። መሳቢያ የኔ ሥራ አይደለም።»

«እኔኮ ማጥኛ እንኳ አልነበረኝም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ሰማያዊውን ደብተሬን ለእርማት ከሰጠሁ ሁለት ሳምንቴ ነው።»

«ወሬ አታስቀይሪ!» አለ መምህሩ።

እውነቷን ነበር። በፈተናው ዋዜማ ያጠናችው በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ እየጻፈች፣ ለእናቷ እያስረዳች ነው። እናት ሽንኩርት ትልጣለች፣ ልጅ ታስተምራለች።

«ተደራጊ ማለት፣ እማ፣ ሥራው ይታያል፤ ሠሪው አይታይም።»

«እንደኔ በይኛ» ብላ ነበር እናት፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። ሁለቱም ስቀው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አንድ ወረቀት ወደ ጽዳቷ ገፋ አደረጉ። «ነገሩ ሳይሰፋ እዚህ እንዝጋው። ልጅቷ ዓመቱን ትደግማለች፤ እርስዎ ቁልፉን ያስረክባሉ። ከሥራ አናስወጣዎትም። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ጽዳቷ ወረቀቱን አንስታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «‘የመልስ ወረቀቱ ከመሳቢያ ተወስዷል። ለተማሪዋም ተሰጥቷል።’» ቀና አለች። «ወረቀቱ እግር አለው እንዴ? ማን ወሰደው? ማን ሰጠው?»

«ያው... እርስዎ ነዎት ማለት ነው።»

«ታዲያ ስሜ የታለ? እጅ ከፍንጅ የያዘኝ ሰው ካለ ‘እሷ ወሰደች’ ብሎ ይጻፍና እሱ ይፈርም።»

መምህሩ ሳቀ። «ደግሞ ሰዋስው ልታስተምሪን ነው? አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት!»

«አምስተኛን ጨርሻለሁ» አለች።

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «እማ፣ ይቅር። እደግማለሁ።»

«ዝም በይ! ያጠፋሽ ጊዜ ትደግሚያለሽ። ፈጣሪ ከላይ እያየ ያልሠራነውን ሠራን ብዬ አልፈርምም።» ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ቁልፉ ይኸውላችሁ፤ ከፈለጋችሁ ሥራውንም ውሰዱ። ፊርማዬን ግን የተከሰስኩበትን ነገር በጆሮዬ ሳልሰማ አታገኙትም። እንግሊዝኛ አላውቅም። ስምንተኛውን ጥያቄ በሚገባኝ ቋንቋ ይንገሩኝ።»

«ምን ይሠራላታል?» አለ መምህሩ።

«መብቷ ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ መነጽራቸውን እያደረጉ። «ጥያቄው ‘ወለሉ ተጠርጓል’ ይላል። ሠሪው አልተጠቀሰም። ተማሪው ሠሪውን ከራሱ ጨምሮ እንዲጽፈው ነው የተጠየቀው።»

«አርባ አንዱ ልጆች ምን አሉ?»

«‘አንድ ሰው ወለሉን ጠርጓል’ ብለዋል።»

«ልጄስ?»

የልጅቷን ወረቀት ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። «‘እናቴ ወለሉን ጠርጋለች’።»

ጽዳቷ ወደ ልጇ አልዞረችም። እስካሁን በእጇ የነበረውን ባልዲ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«የመምህሩስ?»

ርዕሰ መምህሩ የመልስ ወረቀቱን አነሱ። መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉና እንደገና አነበቡ።

«እሱም... ‘እናቴ ወለሉን ጠርጋለች’ ይላል።»

መምህሩ ያነባበረውን እግሩን አወረደ።

«መምህር» አለች ጽዳቷ፣ «እናትዎ ዳኛ ናቸው አላሉኝም?»